ስልሳ ወይስ ሰላሳ? ነገር ሳይዛነፍ እንዲደርስ የሚረዳ መመሪያ

ጅማ መርካቶ አካባቢ በርጩማ እሠራለሁ። የጅማን በርጩማ ላላየ ሰው፣ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣ፣ ሦስት እግር ያለው፣ መቀመጫው ጎድጎድ ያለ ነው። ምስማር የለውም፣ ኮላ የለውም።

አንድ ቀን ከአዲስ አበባ ስልክ ተደወለ። ሰውዬው ጁስ ቤት ሊከፍት ነው። ስድስት በርጩማ ፈልጓል። «ከፍታው ስንት ይሁን?» አልኩት። «ስልሳ» አለኝ። እኔ የሰማሁት «ሰላሳ» ነው። አጠገቤ ያለው ልጅ መጋዙን እያስጮኸ ነበር። «እሺ፣ ገባኝ» አልኩ። ቀብድ ላከ፣ ሠራሁ፣ በአውቶቡስ ጫንኩለት።

ጁስ ቤት ደግሞ ባንኮኒ አለው። ሰላሳ ሳንቲሜትር በርጩማ ላይ የተቀመጠ ሰው ባንኮኒው ላይ ያለውን የአቮካዶ ብርጭቆ እንኳን ሊጠጣው አያየውም። ረጅም እግር ይቆረጣል። አጭር እግር ግን አይቀጠልም፣ ከአንድ ግንድ ሲሆን ደግሞ ጭራሽ። ስድስቱም ተመለሱ። የመጫኛውም የመመለሻውም ሂሳብ ከእኔ ኪስ ወጣ።

ሰው ከሰው ጋር እንዴት እንደሚግባባ ማንበብ የጀመርኩት በዚያ ሰሞን ነው። ከንዴት የተነሳ እንጂ ለእውቀት ብዬ አልነበረም። እነሆ እስካሁን የጠቀመኝን፣ በሥራ ቅደም ተከተል። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ፦ ነገሩ የት ላይ እንደሚጠፋ

ክሎድ ሻነን የሚባል አሜሪካዊ ቤል በሚባለው የስልክ ኩባንያ ቤተ ሙከራ ይሠራ ነበር። በ1948 የግንኙነትን ጉዳይ በቀላል ሥዕል አስቀመጠው። ላኪ አለ። ሐሳቡን ወደ ምልክት ይቀይራል። ምልክቱ በሆነ መንገድ ይሄዳል። መንገድ ላይ ጫጫታ ይቀላቀልበታል። ተቀባዩ ከተረፈው ላይ ሐሳቡን መልሶ ይገጣጥማል። ሻነን ያሰበው ስለ ስልክና ስለ ቴሌግራፍ መስመር ነው። የቃሉ ትርጉም የእሱ ጉዳይ አልነበረም። ለእኔ ግን ሥዕሉ ጥፋቴን ለማግኘት በቂ ሆነ።

የእኔ ጫጫታ ሁለት ነበር። አንዱ መጋዙ ነው። ሌላው ጭንቅላቴ ውስጥ ያለው። ስሠራ የኖርኩት ሰላሳ አካባቢ የሆነ በርጩማ ነው። ጆሮዬ ግማሹን ሲያጣ፣ ቀሪውን የሞላሁት በለመድኩት ነው። ሰውዬው እኮ «ጁስ ቤት» ብሎ ነግሮኝ ነበር! እሷን ቃል ይዤ ቢሆን ኖሮ «ለባንኮኒ ሰላሳ አያንስም?» እለው ነበር።

ነገር ሲበላሽ «ማነው ያጠፋው?» ብላችሁ ከመነሳታችሁ በፊት የት ላይ እንደጠፋ ፈልጉ። አነጋገሩ ላይ ነው? መንገዱ ላይ ነው? አቀባበሉ ላይ ነው? መጋዝ ቢጮህ መጋዙን ታስቆማላችሁ። ልማድ ከሆነ ግን ዝምታም አያድናችሁም።

1. ከመደወላችሁ በፊት ግሡን ያዙ

ሰውዬው ስልኩን ከዘጋ በኋላ ምን እንዲያደርግ ትፈልጋላችሁ? በአንድ ግሥ መልሱ። ያምጣ? ይጠብቅ? ይክፈል? ግሡ ካልመጣላችሁ አትደውሉ። «ስለ እንጨቱ ነገር ነበር እኮ…» ብሎ የሚደውል ደንበኛ አለኝ። አሥር ደቂቃ እናወራለን። ስንዘጋ እንጨቱ እዚያው ነው።

2. የእናንተን ዜማ ሌላው እንደማይሰማው ሞክሩት

ይሄን ቡና ሲፈላ ሞክሩት፣ ያስቃል። አንድ ሰው ሁሉም የሚያውቀውን የእንቁጣጣሽ ዘፈን በልቡ ይያዝ። አፉን ሳይከፍት ምቱን ብቻ በጣቱ ረከቦቱ ላይ ይምታ። ሌሎቹ ዘፈኑን ይገምቱ። ከመጀመሩ በፊት ግን «ያውቁታል ብለህ ታስባለህ?» ብላችሁ ጠይቁት።

በ1990 ኤልዛቤት ኒውተን የምትባል የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ይህንኑ በጥናት ሞክራዋለች። መቺዎቹ ግማሹ ይታወቃል ብለው ነበር። ከተመቱት 120 ዜማዎች የታወቁት 3 ብቻ ናቸው። ለምን ቢባል፣ መቺው ሲመታ ዘፈኑ ሙሉ በሙሉ ይሰማዋል፣ ግጥሙም ዜማውም። ሰሚው የሚሰማው ጣት እንጨት ሲነካ ነው።

ልምድ ያለው ሰው ሁሉ መቺ ነው። እኔ ለአዲስ ልጅ «ትንሽ ብቻ አለስልሰው» ስል፣ የትኛውን ጎን፣ በምን፣ እስከ ምን ድረስ እንደሆነ እኔ ውስጥ ይዘፈናል። ልጁ ጋ የደረሰው «ትንሽ» የምትለዋ ናት። አንዱን መቀመጫ እስኪሳሳ ድረስ ፈገፈገልኝ። ምን ልበለው? አሁን የተለሰለሰ አንድ ቁራጭ እንጨት በእጁ እሰጠውና «እንደዚህ እስኪሆን» እላለሁ። «ትንሽ»፣ «ቶሎ»፣ «ጥሩ አድርገህ»፣ «እንደ ባለፈው» የሚሉትን ቃላት ስትናገሩ ራሳችሁን ያዙ። በቁጥር ወይም በናሙና ቀይሯቸው።

3. ሰላምታውን አትዝለሉ

ጅማ ውስጥ ሰላም ሳይሉ ወደ ጉዳይ መግባት ጠብ ፍለጋ ነው። እንግሊዝ አገር ያስተማረው ብሮኒስላቭ ማሊኖቭስኪ የሚባል የሰው ልጅ ባህል አጥኚ በ1923 ስለዚህ ጽፏል። አንዳንድ ንግግር ወሬ ለማድረስ ሳይሆን ለመቀራረብ ብቻ የሚደረግ ነው ይላል። «እንዴት አደርክ፣ ቤተሰብ ደህና፣ ከብቱ ደህና» ሲባባል የሚውል ሰው ይህን ለማወቅ ፕሮፌሰር አያስፈልገውም።

ለሥራም ይጠቅማል። ሰላምታው ላይ የሰውዬውን ድምፅ ትሰማላችሁ፦ ቸኩሏል፣ ታሟል፣ መንገድ ላይ ነው። ኔትወርኩም ይፈተናል። ከምንም በላይ የትኛውን ቋንቋ እንደሚመርጥ ታውቃላችሁ። «አካም ቡልተን?» ካላችሁ በኋላ ሰውዬው ፊቱ ከፈካ፣ በኦሮምኛ ቀጥሉ። ባትችሉ ቁጥሩንና ቀኑን በኦሮምኛ ለማለት ሞክሩ።

ግማሽ ቋንቋ ግን አደጋ አለው። አንድ ከወሎ የመጣ ረዳት ነበረኝ። ግንድ የሚያቀርብልን ገበሬ ደውሎ ግንዱ «መነ ኬኛ ዱባ» ነው አለው። ከቤታችን ጀርባ ማለቱ ነው። ረዳቴ መጥቶ «ሰውዬው ዱባም አለኝ ይላል፣ እንግዛ?» አለኝ። በኦሮምኛ «ዱባ» ከኋላ ማለት ነው። ሁለት ቋንቋ ውስጥ አንድ ዓይነት የሚሰማ ቃል ሲመጣ፣ የገባችሁ ሲመስላችሁ ነው መጠየቅ ያለባችሁ።

አንቱታውን ደግሞ ከመጀመሪያው ለዩት። በዕድሜ የሚበልጣችሁን «አንተ» ብላችሁ ከጀመራችሁ፣ ከዚያ በኋላ ያላችሁት ቁጥር አይሰማም። ሰውዬው የሚያስበው ስለ ድፍረታችሁ ነው። ጥርጣሬ ካለ «እርስዎ» ብላችሁ ጀምሩ። «አንተ በለኝ» ካሏችሁ፣ ያኔ «አንተ» በሉ።

4. መንገዱን ምረጡ

ፊት ለፊት ከሆነ አብዛኛው ራሱን ያስተካክላል። ሰውዬው ግንባሩን ሲቋጥር ታያላችሁ፣ ትደግማላችሁ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልተንፍስ። አንድ ሥልጠና ላይ «ከመግባባት 93 በመቶው ቃል አይደለም፣ የድምፅ ቃናና የሰውነት እንቅስቃሴ ነው» ተብሎ በትልቁ ስላይድ ላይ ታየን። ይሄ ቁጥር የመጣው አልበርት ሜራቢያን ከሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ የ1967 ጥናቶች ነው። እሱ የመረመረው ነጠላ ቃላት በተለያየ ቃናና ፊት ሲቀርቡ፣ ተናጋሪው ሰሚውን ይወደዋል ወይስ አይወደውም የሚለውን ነው። ለሁሉም ንግግር የሚሆን አይደለም፣ ራሱም ብሏል። እስቲ 93 በመቶውን በፊታችሁ አድርጋችሁ «ስድስት በርጩማ፣ ስልሳ ሳንቲሜትር፣ ለሐሙስ» በሉኝ።

ስልክ ሌላ ነገር ነው። የጥንቱ የስልክ መስመር የሚያሳልፈው ከ300 እስከ 3400 ኸርዝ (የድምፅ ቅጥነት መለኪያ ነው) ያለውን ድምፅ ብቻ ነው። የ«ስ» እና የ«ፍ» ጉልበት ብዙው ከዚያ በላይ ነው። ለዚህ ነው ስም ስትሰጡ «ፍ፣ እንደ ፍቅር» ማለት የሚያስፈልገው። አማርኛ ደግሞ በቁጥር በኩል ክፉ ነው። ሰላሳና ስልሳ። ሰባና ሰባት። ዘጠኝና ዘጠና፣ ኔትወርክ ከቆራረጠው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ስልሳን «ስድስት ዜሮ»፣ ሰባትን «ዜሮ ሰባት» በሉ። መጀመሪያ ያሳፍራል፣ ከሳምንት በኋላ ይለመዳል።

ስልክ ላይ የሚጠፋ ሌላም ነገር አለን። እኛ ሰው ሲያወራ አየር ወደ ውስጥ ስበን «አዎ» እንላለን፣ ያቺን አጭር እስትንፋስ። ፊት ለፊት ሁሉም ይረዳታል። ስልክ ላይ አትሰማም። እናንተ ትስማማላችሁ፣ ወዲያ ያለው «ሄሎ? አለህ?» ይላል። ስልክ ላይ በድምፅ «አዎ» በሉ።

ጽሑፍ ቁጥርን ይጠብቃል፣ ፊደላችን ግን የሚጠብቀውን ከሚላላው አይለይም። «ይሰማል» ብትጽፉ፣ እሱ ይሰማል ነው ወይስ ድምፁ ይሰማል? አንድ ደንበኛ በኅዳር «ዕቃው መቼ ነው?» ብሎ ጻፈልኝ። «ገና ነው» ብዬ መለስኩ። አልደረሰም ማለቴ ነው። እሱ ለገና ነው ብሎ ተረድቶ አንድ ወር ዝም አለ! «አልደረሰም፣ ኅዳር 20 እልካለሁ» ብል ምን ነበረበት?

የቴሌግራም ድምፅ መልእክት ለማብራሪያ ጥሩ ነው። ለቁጥር ግን አይሆንም። የአራት ደቂቃ ድምፅ ውስጥ ያለን አንድ ልኬት ለማግኘት ሦስት ጊዜ የሚያዳምጥ ሰው ይረግማችኋል። በድምፅ አብራሩ፣ ልኬቱን ከሥሩ ጻፉ።

ሰዓትና ቀንስ? ከጅማ የምትበሩበት ቲኬት 07:40 ካለ፣ በእኛ ጠዋት 1፡40 ነው። ዘመድ ውጭ አገር ካለ «በኢትዮጵያ አቆጣጠር» ማለትን አትርሱ። «ሰኞ ሌሊት 8 ሰዓት» ማለት ለአንዱ ሰኞ ሊነጋ ሲል ነው፣ ለሌላው ሰኞ ከመሸ በኋላ። ጅማ ውስጥ ሐሙስ ትልቁ ገበያ ስለሆነ ሁሉም ነገር «ለሐሙስ» ነው። የትኛው ሐሙስ? ቀኑን በቁጥር ጨምሩበት።

5. ስትናገሩ ዋናውን አስቀድሙ

በ2009 የወጣ ጥናት አሥር ቋንቋዎችን አነጻጽሮ፣ አንዱ ጥያቄ ጠይቆ ሲጨርስ ሌላው መልስ እስኪጀምር ያለው ክፍተት በአማካይ 0.2 ሰከንድ አካባቢ መሆኑን አግኝቷል። ዓይን አንዴ እንደማርገብገብ ነው። አንድ ሥዕል አይቶ ስሙን ለመጥራት እንኳን 0.6 ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። እንግዲህ ሰሚው መልሱን የሚያዘጋጀው እናንተ ገና ስታወሩ ነው ማለት ነው።

አማርኛችን ደግሞ ዋናውን መጨረሻ ላይ ማምጣት ይወዳል። ታሪኩን፣ ምክንያቱን፣ ይቅርታውን አስቀድመን፣ ጥያቄውን በበር ስንወጣ እንጥለዋለን። ለሽምግልና ያምራል። ለትዕዛዝ ግን ገልብጡት፦ «ሐሙስ ጥር 14 ስድስቱን እፈልጋለሁ። ምክንያቱን ልንገርህ።» ከዚያ ዝም በሉ። በአንድ ጊዜ ሦስት ነገር ይበቃል። አራተኛው ካለ ይጻፍ።

6. «እሺ»ን መርምሩ

እሺ ብዙ ናት። አጭሯ «እሺ» ሰማሁህ ናት፣ አደርገዋለሁ ላትሆን ትችላለች። «እሺ እሺ እሺ» በቃህ ናት። ጎተት ያለችው «እሺይ…» አልተዋጠልኝም ናት። «እሺ፣ እናያለን» በጨዋ ደንብ እምቢ ናት፣ አብዛኛውን ጊዜ። «ኢንሻአላህ» ደግሞ ከአንዱ አፍ የጸና ቃል ነው፣ ከሌላው አፍ «አይመስለኝም» ነው። ሰውዬውን ካላወቃችሁት ከቃሉ ብቻ አትለዩትም። ይሉኝታም አለ። «አልገባኝም» ማለት የሚያሳፍረው ሰው «እሺ» ብሎ ሄዶ የመሰለውን ይሠራል።

ይህ የአበሻ አመል ብቻ እንዳይመስላችሁ። በፈረንጅ ማርች 27 ቀን 1977፣ ቴኔሪፌ በምትባል የስፔን ደሴት፣ ጉም በሸፈነው አውሮፕላን ማረፊያ ሁለት ትልልቅ አውሮፕላኖች አንድ መንደርደሪያ ላይ ነበሩ። የአንደኛው አብራሪዎች በሬዲዮ «አሁን መነሻው ላይ ነን» የሚል ግልጽ ያልሆነ ነገር ተናገሩ። እየተነሳን ነው ማለታቸው ነው። የማማው ተቆጣጣሪ ለመነሳት ተዘጋጅተው ቆመዋል ብሎ ተረዳና «ኦኬ» አለ። ከዚያ «ለመነሳት ጠብቁ፣ እጠራችኋለሁ» ብሎ ሲጨምር፣ ሌላኛው አውሮፕላን በተመሳሳይ ቅጽበት ስለተናገረ ድምፆቹ ተደራርበው ፉጨት ሆኑ። 583 ሰው አለቀ። ምክንያቱ ብዙ ነበር፣ ያቺ «ኦኬ» ግን አንዷ ናት። ከዚያ በኋላ የአየር ንግግር ቃላት በጥብቅ ተወሰኑ። «መነሳት» የሚለው ቃል ፈቃዱ ራሱ ሲሰጥ ወይም ሲሰረዝ ካልሆነ አይነገርም። አብራሪውም የተሰጠውን ፈቃድ መልሶ ይደግማል።

7. አስደግሙ፣ ግን በዘዴ

«ገባህ?» ብላችሁ አትጠይቁ። መልሱ ሁልጊዜ «አዎ» ነው። «እንዴት ልትሠራው ነው?» በሉ። ረዳቶቼን «ከየትኛው ትጀምራለህ?» እላለሁ። ሲነግሩኝ ስህተቴን ከእነሱ አፍ እሰማለሁ።

አስቸጋሪው ትልቅ ሰው ነው። የሰባ ዓመት ሐጂን እንደ ተማሪ «ይድገሙልኝ» አትልም። ጥፋቱን ወደ ራሳችሁ አዙሩ፦ «አባቴ፣ እኔ ረስቼ እንዳላሳስትዎ ልድገመው፤ ስድስት፣ ከፍታው ስድስት ዜሮ፣ ለጥር 14። ያጎደልኩት አለ?» ደጋሚው እናንተ ናችሁ፣ የሚያርሙት እሳቸው። ክብራቸው አልተነካም፣ ቁጥሩም ተፈተሸ። ለአለቃም ይሠራል።

8. ካልሰማችሁ እንዴት ትጠይቃላችሁ

አለመስማት ነውር አይደለም። በ2015 የወጣ፣ አሥራ ሁለት ቋንቋዎችን ያየ ጥናት አለ። ሰዎች በተራ ወሬ መሐል በአማካይ በየ1.4 ደቂቃው አንዴ «እ?»፣ «ማን?» እያሉ ይጠያየቃሉ። ጥያቄው በሁሉም ዘንድ ሦስት መልክ አለው። «እ?» ብላችሁ ሁሉንም ማስደገም አንዱ ነው። «ስንት አልከኝ?» ብላችሁ የጎደለውን ብቻ መጠየቅ ሁለተኛው። «ስልሳ ነው ያልከኝ?» ብላችሁ የሰማችሁትን ማቅረብ ሦስተኛው።

የምትችሉትን ያህል ወደ ሦስተኛው ተጠጉ። ሰውዬው «አዎ» ወይም «አይ» ብሎ ይገላገላል። «እ?» ሦስቴ የተባለ ሰው ይናደዳል፣ ወይ ደግሞ አሳጥሮ ይነግራችኋል፣ ያ ይብሳል። እኔ በዚያ ቀን «ሰላሳ ነው ያልከኝ?» ብል እንኳን አይበቃም ነበር፣ ኔትወርኩ ያንኑ ያደባልቀዋል። «ከጉልበት በታች የሚሆነው?» ብል ግን ያልቅ ነበር። ቁጥሩን በሌላ ነገር ለኩት፦ በክንድ፣ በጉልበት፣ በሱቁ ባንኮኒ።

9. ከስልኩ በኋላ ሁለት መስመር ጻፉ

ቀብድ ከመቀበሌ በፊት የምልከው ይህን ነው፣ ቀዱት፦

«ሰላም። ያወራነው፦ በርጩማ 6፣ ከፍታ 60 ሳ.ሜ (ለባንኮኒ)፣ ርክክብ ሐሙስ ጥር 14 ጠዋት 3 ሰዓት በኢትዮጵያ፣ አጂፕ ጋ። የተሳሳተ ካለ እስከ ዛሬ ማታ ይንገሩኝ። ነገ ግንዱን እቆርጣለሁ።»

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ዋጋ አላት። ምላሽ ያልመለሰ ሰው «እቆርጣለሁ» ሲባል ይነቃል። ማንበብ ለማይችል ደንበኛ ይህንኑ በስልክ አንብቡለት፣ ወይም ቤት ላለው ልጅ ልካችሁ ያንብብላቸው። ልጁ ሲያነብ ግን እናንተም መስመሩ ላይ ሁኑ።

ተሳስታችሁ ከሆነ ደግሞ በጽሑፍ ይቅርታ አትጠይቁ፣ ደውሉ። ያን ጁስ ቤት ሰው በጽሑፍ ነበር «ይቅርታ፣ በእኔ ስህተት ነው» ያልኩት። «እሺ» ብሎ መለሰልኝ። እስከ ዛሬ የትኛዋ እሺ እንደነበረች አላውቅም፣ ተመልሶ አላዘዘም።